መምህር አስረስና የሚቀምሰው መልእክት

የሚከተለው ታውጇል።

ከሐይቁ ዳር እስከ አምባሰል አናት፣ ከአሳ ቤቱ እስከ ባጃጅ ተራው የምትገኝ ሰፊው ሕዝብ ስማ። ክቡርነታቸው መምህር አስረስ፣ የሥነ ሕይወት መምህር፣ የባክቴርያዎች ባለሙሉ ሥልጣን አምባሳደር፣ የአንዲት ሕዋስ የዘለዓለም ጠበቃ፣ ቁመታቸው ከጥቁር ሰሌዳው ወገብ የማያልፈው፣ ከዛሬ ጀምሮ ስለ ሪቦስዊች ከመናገር የሚያግዳቸው ምድራዊ ኃይል አይኖርም። እስከ ዛሬም አልነበረም። ይህን አዋጅ የተቃወመ አድኃሪ ሁሉ ከአጥራቸው ሥር ተቀምጦ ሙሉውን ማብራሪያ ከመጀመሪያው እንዲሰማ ተፈርዶበታል።

አዋጁን የፈረመ ባለሥልጣን የለም፤ አላስፈለገም። በየከተማው አንድ ነገር ብቻ አጥርቶ ያወቀ ሰው አይጠፋም፤ ያ ሰው ደግሞ ሰማይና ምድር በዚያች በአንዷ ነገር ካልተብራሩ እንቅልፍ አይወስደውም። ጅዳ አየር ማቀዝቀዣ ሲጠግን ኖሮ የተመለሰው ጎረቤት ባልና ሚስት ሲጣሉ ሰምቶ «ጋዙ አልቆባቸው ነው» ይላል። አንድ ሰሞን የተግባቦት ሥልጠና የወሰደችው ልጅ ላም ወተት ብትነሳ እንኳ «የተግባቦት ክፍተት ነው» ትላለች። እነዚህ ግን ተራ ወታደሮች ናቸው። የሠራዊቱ ጄኔራል መምህር አስረስ ነው።

ከአዋጁ በኋላ «አንቱ»ው ይቅር። አጥር ተጋርቶት የሚኖረው ኑርሁሴን «አንተ» ነው የሚለው፤ የመምህሩን ማብራሪያ ከማንም በላይ የተሸከመ ሰው ደግሞ ኑርሁሴን ነው።

ኑርሁሴን የቅሬው ለፋፊ ነው። ሞት በመጣ ጊዜ እስላምም ክርስቲያንም አብሮ የሚቀብርበትን፣ አብሮ የሚያዝንበትን ማኅበር ወሎ ቅሬ ይለዋል። ቅሬው ዳኛ አለው፣ ጸሐፊ አለው፤ አፉ ግን ኑርሁሴን ነው። ከሐይቁ በላይ ካለው ጉብታ ላይ ቆሞ የተጣራ እንደሆነ ድምፁ ውኃውን ተሻግሮ ይሄዳል። የእስጢፋኖስ መነኮሳት እንኳ ማን እንደሞተ የሚያውቁት ከእሱ ነው እየተባለ ይወራለታል፤ እሱም አላስተባበለም።

መምህር አስረስ ሁለተኛ ዲግሪውን ይዞ ከአዲስ አበባ የተመለሰ ሰሞን ነው ነገሩ የጀመረው። ኑርሁሴን ከአመሻሹ የአስር ሶላት በኋላ አጥሩን ተደግፎ፣ ፎጣውን ትከሻው ላይ ጥሎ፣ ተምር እያላመጠ በሰላም ተቀምጦ ነበር።

«ጋሼ ኑርሁሴን፣ ፎጣዎን ለአፍታ ያውሱኝ።»

«ምን ልታደርገው?»

«ሕይወትን ላሳይዎት ነው።»

«ሕይወት እዚህ ፎጣ ውስጥ ካለች እኔ እስከዛሬ ላቤን ስጠርግባት ከርሜያለሁ» አለና ሰጠው።

መምህሩ ፎጣውን ድንጋዩ ላይ በርዝመቱ ዘረጋው። «ይኸውልዎት፣ ይሄ መልእክት ነው። ባክቴርያ ውስጥ ዘረመል የሚባል ትልቅ መጽሐፍ አለ። መጽሐፉን ማንም አይነካውም፤ የሚፈለገው ገጽ ብቻ ይገለበጣል። ግልባጩ አርኤንኤ ይባላል። ፋብሪካው ይህን ግልባጭ ከጫፉ ጀምሮ እያነበበ የታዘዘውን ይሠራል። ቫይታሚን የምታመርትበትን መሣሪያ ሥራ ይላል እንበል፤ ይሠራል።»

«ይሥራ።»

«ቫይታሚኑ ሲበቃስ? 'በቃ፣ አቁሙ' የሚለው ማነው?»

«ሊቀመንበሩ ነዋ።»

መምህሩ ይህን መልስ ሲጠብቅ የኖረ ይመስል ዓይኑ በራ። «ሊቀመንበር የለም፣ ጋሼ። ሌላ ቦታ ተቆጣጣሪ ሞልቷል፤ እዚህ ግን የለም። መልእክቱ ራሱ ይቀምሳል።»

ከዚያ የፎጣውን ራስ አጠፍ አጠፍ አድርጎ ትንሽ ኪስ ሠራ። ከኑርሁሴን እጅ አንዲት ተምር አነሣና ኪሱ ውስጥ ጣላት፤ ጠበቅ ሲያደርገው ፎጣው ተቋጠረ፣ የቀረው ርዝመትም ተጨማደደ። «ተምሯ ቫይታሚኗ ናት። ቫይታሚን ሲትረፈረፍ አንዷ መጥታ ኪሱ ውስጥ ትቀመጣለች፤ መልእክቱ ይታጠፋል፤ ፋብሪካው ቋጠሮው ጋ ሲደርስ ማንበብ ያቅተዋል። ሥራው ቆመ። ቫይታሚን ሲያጥር ደግሞ ኪሱ ባዶ ይሆናል፣ መልእክቱ ይዘረጋል፣ ሥራው ይቀጥላል። አለቃ የለ፣ ስብሰባ የለ፣ ደብዳቤ የለ። ሪቦስዊች ይሉታል።»

ኑርሁሴን ቋጠሮውን አገላብጦ አየው። እውነቱን ለመናገር ገብቶታል፤ ደስም ብሎታል። ይህን ግን አልተናገረም፤ መምህርን ማበረታታት አደጋ መሆኑን ያኔውኑ ጠርጥሯል። «ተምሬስ?» አለ ብቻ።

ተምሯን ሳይንስ በልቷት ነበር። ፍሬዋ ከመምህሩ ጉንጭ ወጣች።

ከዚያን ቀን ወዲህ «መልእክቱ ራሱ ይቀምሳል» የማይገባበት የሐይቅ ጉዳይ ጠፋ። የመብራት መጥፋት ሪቦስዊች ሆነ። የባጃጅ ወረፋ ሪቦስዊች የጎደለው ሆነ። አሳ ቤት ገብቶ አስተናጋጇ ሳትጠየቅ ዳጣ ስትደርብለት «አየሽ፣ ባክቴርያ ቢሆን ያለውን ቀምሶ ነበር የሚያመጣው» አላት።

«ቲቸር፣ እኔን ከባክቴርያ ጋር ነው የምታስተያየኝ?»

«ኧረ እንዲያውም። እሷ ትበልጣለች።»

ይህን በሙሉ ቅንነት ነው የተናገረው። ቅንነቱ ግን ከዚያ በኋላ ለእሱ የሚቀርብለትን አሳ አጥንት አልቀነሰለትም።

የሰፈሩ ልጅ ሀሚድ ከሳዑዲ ተመልሶ ያገባ ዕለት ሽማግሌዎቹ ሁሉ ዱዓ አድርገው ሲያበቁ፣ መምህርም የተማረ ነውና ይመርቅ ተባለ። ተነሣ። «እንደ ሪቦስዊች ያድርጋችሁ» አለ። «አንዳችሁ ስትጠግቡ ታጠፉ፣ አንዳችሁ ስትራቡ ተዘርጉ።» ሽማግሌዎቹ መሬት መሬት አዩ። ከሴቶቹ ወገን የመጣው ሳቅ ግን ድንኳኑን አነቃነቀው፤ ኑርሁሴንም ፎጣውን አፉ ላይ ይዞ ወጣ።

የለውጡ ጊዜ ደግሞ መጣ። ሁለት ሺህ አሥር ነው፤ አገሩ በሙሉ አዳራሽ የገባበት፣ ውኃ በላስቲክ የታደለበት፣ ትናንት የወቀሰው ዛሬ የተወቀሰበት ዘመን። የውይይቱ መሪ ለውጡን እስከ ታችኛው መዋቅር እንዴት ማውረድ እንደሚቻል አብራርተው ሲጨርሱ ጥያቄ ያለው ተባለ። መምህር አስረስ እጁን አወጣ።

«የሚወርደው መመሪያ ራሱ ይቀምሳል ወይ?»

«አልገባኝም።»

«እታች ሲደርስ፣ ያለውንና የሌለውን ቀምሶ፣ ካላስፈለገ ራሱን የሚያጥፍበት ኪስ አለው ወይ ነው የምለው።»

መሪው ወደ ጸሐፊው ዘወር አሉ። ጸሐፊው ጻፈ። «ጥያቄው ተይዟል» አሉ መሪው። ጥያቄው እስከ ዛሬ እንደተያዘ ነው፤ ማንም አለቀቀውም። ኑርሁሴን ከኋላ ወንበር ላይ ሆኖ ሕዝቡ ሲስቅ አብሮ ሳቀ። ወደ ቤት ሲመለሱ ግን «ጥሩ ጠየቅህ» አለው፤ ለምን እንዳለው ራሱም አላወቀም። መምህሩ እስከ አጥሩ ድረስ ማብራሪያውን ቀጠለለት።

አንድ ጉዳይ ላይ ግን ክቡርነቱ ድል አደረገ፤ መከራውም ከዚያ ድል ነው የተወለደው።

የቅሬው የሴቶች አለቃ እማማ ሲቲ አንድ ምሬት ነበራቸው። ለቅሶ ሲሆን ኑርሁሴን ይጣራል፤ ሰው ሁሉ ከየቤቱ ሌማቱን ይዞ ይመጣል፤ የለቅሶው ቤት በቂጣና በንፍሮ ይሞላል። ይኸው ሰው በማግሥቱም ያንኑ ያህል ይዞ ይመጣል። የተረፈው ይሻግታል። በድሃ አገር እህል ሲሻግት ማየት እማማ ሲቲን ከሞቱ ባልተናነሰ ያስለቅሳቸዋል። ይህንኑ ስብሰባ ላይ ሲያነሡ መምህር አስረስ ብድግ አለ። ሰዉ «ደግሞ መጣ» ብሎ ተነፈሰ።

«መልእክቱ ራሱ ይቅመስ» አለ። «ጋሼ ኑርሁሴን ከመጣራታቸው በፊት በለቅሶው ቤት ይለፉ። የሌማቱን ክዳን ከፍተው ይዩ። ጎድሎ ከሆነ ፎጣቸውን እንደ ልማዳቸው ትከሻቸው ላይ ጥለው ወደ ጉብታው ይውጡ፣ ይጣሩ። በቅቶ ከሆነ ፎጣቸውን ራሳቸው ላይ ጠቅልለው ወደ ቤታቸው ይግቡ። ፎጣው የተጠቀለለ እንደሆነ የከተማው ሰው ሁሉ መብቃቱን ይወቅ።»

እማማ ሲቲ ኑርሁሴንን አዩት፣ ኑርሁሴን ዳኛውን አየ። ነገሩ እንከን የለውም። በዚያው ሰሞን የሽማግሌው የአያሌው ለቅሶ ላይ ተሞከረ፤ ሠራ። አንዲት ቂጣ አልሻገተችም። የከተማው ሰው የፎጣውን ነገር ለመደው። ኑርሁሴን ከቤቱ ሲወጣ ሴቶች በየበሩ ቆመው ራሱን ያያሉ፤ ተጠቅልሎ ከሆነ ወደ ሥራቸው ይመለሳሉ። ከዚያ በኋላ የመምህሩን ነገር ላለመስማት ከሐይቅ መሰደድ ብቻ ነበር የቀረው።

መሰደድ ደግሞ ብዙም አልዘገየም፤ የመጣው ግን ከወዲያ በኩል ነው።

በሁለት ሺህ አሥራ ሦስት ክረምት፣ ፍልሰታ ከተፈታ በኋላ፣ ጦርነቱ ከሰሜን ወደ ታች እየገፋ የአምባሰል ሰው ወደ ሐይቅ ወረደ። በአውቶቡስም፣ በአይሱዙም፣ በእግሩም መጣ። ተማሪ ቤቱ ዝግ ነበርና በየክፍሉ ገቡ፤ ዴስኮቹ ግድግዳ ሆኑ። ሐይቅ የመጀመሪያ ሰሞን ያለውን ሁሉ ይዞ ወጣ። እስላምና ክርስቲያን ሳይለያይ የሚበላው ሽሮና ቂጣ እየተመረጠ ተማሪ ቤቱ በራፍ ላይ ተከመረ። እርዳታውም መንገድ ላይ ነው ይባላል፤ መንገዱ ግን ረጅም ነበር።

ከተከመረው ላይ ደግሞ የተበላሸ ተገኘ። እማማ ሲቲ አዘኑ። መምህር አስረስ ተጠራ፤ ባይጠራም ይመጣ ነበር። የቅሬው ደንብ ለእንግዶቹም ይሁን ተባለ፤ ኑርሁሴን በየጠዋቱ በተማሪ ቤቱ ይለፍ፣ ጎድሎ ከሆነ ይጣራ፣ በቅቶ ከሆነ ፎጣውን ይጠቅልል።

ኑርሁሴን ሄደ። እዚህ ላይ አንድ ነገር ተለወጠ፤ ማንም ልብ አላለውም። የለቅሶ ቤት ሌማት የቅሬው ነው፤ ክዳኑን ቢከፍት አያስነውርም። እነዚህ ግን ቤታቸውን ጥለው የመጡ እንግዶች ናቸው። የእንግዳን ሌማት ከፍቶ ማየት በወሎ ምድር ሌባ ከመባል አይሻልም። ስለዚህ ኑርሁሴን አልከፈተም። በራፉ ላይ ቆሞ ጠየቀ።

«እንደምን አደራችሁ። የጎደለ አለ?»

ከደጃፉ ጥግ የተቀመጡ፣ ግንባራቸው ላይ መስቀል የተነቀሱ አሮጊት መለሱለት። «እግዜር ይስጥልን ልጄ። ምን ይጎድላል? ጠግበናል።» ከኋላቸውም ብዙ ድምፅ «አልሃምዱሊላህ፣ ጠግበናል፣ አላህ ይስጣችሁ» አለ። ሌማቶቹ በንጹሕ ጨርቅ ተሸፍነው በሥርዓት ተደርድረዋል። ኑርሁሴን ፎጣውን ጠቀለለ።

በማግሥቱም እንዲሁ። ከዚያም በኋላ እንዲሁ። አሮጊቷ ያችኑ «ጠግበናል» ሲሉ አነጋገራቸው እያማረ ሄደ እንጂ አልጎደለም። የከተማው ሰው ፎጣውን እያየ ተመስገን ይላል፤ የየራሱ ጭንቀት ደግሞ ነበረው፤ ጦሩ ደርሷል፣ አልደረሰም የሚለው ወሬ በየሰዓቱ ይለዋወጣል። መምህር አስረስ ብቻ በዚያ ሁሉ መሐል ፊቱ በራ። በየመንገዱ ሰው እያስቆመ «ባክቴርያዋ የደረሰችበትን ሐይቅ ደረሰችበት» ይላል።

አንድ ጠዋት «ጋሼ፣ ዛሬ አብሬዎት ልምጣ» አለ። «ሲሠራ ማየት እፈልጋለሁ።»

አብረው ሄዱ። ኑርሁሴን በራፉ ላይ ቆሞ እንደ ልማዱ ጠየቀ። አሮጊቷ አፋቸውን ከፈቱና መምህሩን ሲያዩ ዘጉት። መምህሩም ደርቆ ቀረ።

«እትዬ ስህን?»

የገዛ አክስቱ ናቸው። እናቱ ከሞተች ወዲህ አምባሰል ሥር አሳድገው ለወግ ለማዕረግ ያበቁት እሳቸው ናቸው።

«መቼ መጡ? ለምን ወደ እኔ ቤት አልመጡም?»

«ቤትህ አንድ ክፍል ነው አሉኝ። አልጋህም አንድ። እኔ ደግሞ ብቻዬን አይደለሁም፤ ይኸው አገሩን አስከትዬ መጥቻለሁ።» በእጃቸው ወደ ክፍሉ አመለከቱ። ሴቱ፣ ሽማግሌው፣ ሕፃኑ ከዴስኮቹ ኋላ ተቀምጦ ያያል።

«በልተዋል?»

«ጠግቤያለሁ።»

«ተመስገን» አለ መምህር አስረስ። ከዚያ፣ ለፍርድ ቀን የሚቆጠርበትን ያን ነገር አደረገ፤ ወደ ኑርሁሴን ዘወር ብሎ ፈገግ አለ። «አዩ? መልእክቱ ራሱ…»

ከአሮጊቷ ጎን ዙለይሃ የምትባል የውጫሌ አራስ ተቀምጣለች። ልጇ ጡቷን ይዞ ይተዋል፤ ይዞ ይተዋል፤ ከዚያም በቀጭኑ ያለቅሳል። ለቅሶው ጉልበት የለውም። እትዬ ስህን ወደ ሕፃኑ አዩና መልሰው የወንድማቸውን ልጅ አዩት።

«ና እስኪ ወዲህ፣ አስረስ። ትንሽ ሳለህ እቤታችን እንግዳ መጥቶ 'ጠግቤያለሁ' ሲል እኔ ምን እለው ነበር?»

«'በሞቴ' ይሉት ነበር።»

«እሱስ?»

«'አይ፣ ወላዲቷን፣ በልቻለሁ' ይላል።»

«እኔስ?»

«'አፈር ስሆን' ይሉታል።»

«ከዚያስ?»

የመምህሩ ድምፅ ቀጠነ። «ከዚያ… ይበላል።»

«እዚህ ከመጣን» አሉ እትዬ ስህን፣ ድምፃቸውን ሳያነሡ፣ «አንድ ጨዋ ሰው በየጠዋቱ በራፍ ላይ ይቆማል። ጎደለ ወይ ይለናል። ጠግበናል እንለዋለን። እሺ ብሎ፣ ፎጣውን ጠቅልሎ ይሄዳል። እኔ በዕድሜዬ እንዲህ ያለ እንግዳ ተቀባይ አላየሁም። በሐይቅ 'በሞቴ' የሚል ሰው ሞቷል እንዴ? ሞቶ ከሆነ ቅሬው ይንገረንና እንልቀስ።»

ኑርሁሴንን ፎጣው ራሱ ላይ እንደ ድንጋይ ከበደው።

«ለራሴ ቢሆን የግሸን ንግሥ እስኪደርስ ጠግቤያለሁ እያልኩ እቀመጥ ነበር» አሉ አሮጊቷ። «ይቺ ግን አራስ ናት።» እጃቸውን ዘርግተው አቅራቢያቸው ያለውን ሌማት ገለጡት። የደረቀ የቂጣ ጠርዝ አለበት፤ ሌላ ምንም የለም። «ይሄ የልጆቹ ነው። እኛ ክዳኑን እያየን ነው የምንጠግብ።»

ኑርሁሴን ማብራሪያ ጠበቀ። ለዓመታት አንድም ነገር ያለ ማብራሪያ ያለፈበት ቀን የለምና መምህሩ አሁንም አንድ ነገር ይላል ብሎ ጠበቀ። መምህር አስረስ ግን ተማሪዎቹ የሚቀመጡባት ዴስክ ላይ ቁጭ አለ፤ እግሩ መሬት አይነካም። ዝም አለ። ያ ዝምታ ኑርሁሴንን ከባዶው ሌማት ይልቅ አስደነገጠው።

ለፋፊው ፎጣውን ከራሱ ላይ ፈታ። ወደ ጉብታው ወጣ።

«የሐይቅ ሰው ስማ» አለ። «ሞት የለም፤ ለለቅሶ አይደለም። ተማሪ ቤት ያሉት እንግዶች ጠግበናል ቢሉም አልጠገቡም። እኔ ነኝ የተታለልኩት። ፎጣዬን አትዩ። ሌማትህን ያዝና ና፤ በሞቴ የምትልበትን አፍህን ደግሞ እቤት ረስተህ እንዳትመጣ።»

ሐይቅ ወጣ። ቀድመው የደረሱት እማማ ሲቲ ናቸው፤ የአራስ አጥሚት በፔርሙስ ይዘው ዙለይሃ ፊት ተቀመጡ።

«ጠጪ።»

«አልሃምዱሊላህ፣ እማ፣ ደህና ነኝ።»

«ወላሂ ይቺን ሳትጨርሺ ከዚህ አልነሣም። ጉልበቴ ደግሞ ከተቀመጠ አይነሣም፤ አንቺው ትጦሪኛለሽ።»

ዙለይሃ ሳቀች፤ ሳቋ መሐሉ ላይ ለቅሶ ሆነ፤ ጠጣች። ክፍሉ በሙሉ «በሞቴ» እና «አፈር ስሆን» እና «በነቢ» ሆነ፤ የገበያ ያህል ጩኸት። ሰዉ ሁሉ በደንቡ እንቢ አለ፣ በደንቡ ተለመነ፣ በደንቡ በላ። እትዬ ስህን ደንቡን ከማንም በላይ አከበሩት፤ ሐይቅ በሙሉ ሞቶላቸው ካበቃ በኋላ ነው እንደ ውለታ አፋቸውን የከፈቱት።

መምህር አስረስስ? ሳህን ይዞ በየሰዉ ፊት ይንበረከካል። ያጎርሳል። «ጠግቤያለሁ» ያለውን አያምንም፤ «ኧረ ወላሂ ጠግቤያለሁ» ያለውንም አያምንም። አንድ ሽማግሌ አፋቸውን በእጃቸው ሸፍነው «ልጄ፣ በእውነት ሞልቻለሁ» ቢሉት «አፈር ስሆን» ሲል ድምፁ ተሰበረ። ሽማግሌው ደንግጠው ጎረሱ።

ማታ ፀሐይ ስትገባ ሁለቱ አጥሩ ሥር ተቀመጡ። መምህሩ አይናገርም። ኑርሁሴን ጎኑን አከከ፣ ጉሮሮውን ጠረገ። ለዓመታት ሸሽቶት የኖረውን ነገር ሊያደርግ መሆኑ ገብቶታል፤ ከዝምታው ግን ይሻላል።

«እናሳ» አለ፣ «ያቺ ባክቴርያህ። እሷም እንደኛ ትታለላለች?»

መምህሩ ቀና አለ። እስከ ዛሬ ስለ ባክቴርያ የጠየቀው ሰው አልነበረም፤ ሁሌ ሳይጠየቅ ነው የመለሰው።

«ትታለላለች» አለ ቀስ ብሎ። «ቫይታሚኑን የሚመስል ሌላ ነገር አለ። መልኩ ያው ነው፣ ኪሱ ውስጥ ልክ ይገባል፣ ጥቅም ግን የለውም። መልእክቱ ይቀምሰውና በቅቷል ይላል፤ ይታጠፋል። ፋብሪካው ይቆማል። ባክቴርያዋ ሞልቶልኛል ብላ ትራባለች። መድኃኒት እናድርገው ብለው የሚመራመሩበት አሉ።»

«ይሄን አሁን ነው ያወቅኸው?»

«የመመረቂያ ጽሑፌ ግማሹ እሱ ነው።»

ኑርሁሴን ሳቁን ለመያዝ ሞከረ፤ አልቻለም። ያ ሐይቁን የሚሻገር ድምፁ በሳቅ ወጣ፤ መምህሩም ቆይቶ፣ እንደ ማፈር እያለ፣ ሳቀ። ኑርሁሴን ፎጣውን ከትከሻው አንሥቶ ድንጋዩ ላይ ዘረጋው። ከመሬት ተምር የምታክል ጠጠር ለቀመ። «እንካ። አታላይዋ የት ጋ ነው የምትገባ? ከመጀመሪያው አሳየኝ።»

መምህሩ ከመጀመሪያው አሳየው። ኑርሁሴንም ከመጀመሪያው ሰማው።

ጦሩ በኋላ ሐይቅም ደረሰ። የተጠለሉትም ያስጠለሉትም አንድ ላይ ወጡ፤ ኑርሁሴን ራሱ በማያውቀው ሰው ደጅ ተቀምጦ «ጠግቤያለሁ» ያለበት ቀን መጣ። «በሞቴ» ያለው ሰውም ተገኘ። ከወራት በኋላ ተመለሱ። ዴስኮቹ ወደ ቦታቸው ገቡ፣ እትዬ ስህን ወደ አምባሰላቸው ወጡ፣ ዙለይሃም ልጇን አዝላ ውጫሌ ገባች፤ አሁን ልጁ ይሮጣል ይባላል።

ክቡርነቱ አሁንም ይናገራል። አዋጁ አልተሻረም። አንድ አዲስ ደዌ ግን ተጨምሮበታል፤ ጠግቤያለሁ የሚል ሰው አያምንም። ተማሪዎቹ ከምሳ በኋላ በቤቱ በኩል አያልፉም። የወረዳው ሰዎች ለስብሰባ ሲጠሩት ምሳቸውን አስቀድመው አይበሉም። ኑርሁሴን ይህን ሁሉ በምሬት ነው የሚያወራው፤ መምህሩን በኑርሁሴን ፊት ያማ ሰው ግን እስከ ዛሬ ሁለተኛ አልደገመም።

አንተ አንባቢ፣ አንድ ቀን ሐይቅ ወርደህ በእነዚያ ሁለት ቤቶች መካከል ስታልፍ፣ አጭር ሰውዬ አጥሩን ተደግፎ «በልተሃል?» ቢልህ፣ በልተህም ቢሆን፣ ሆድህ እስኪቀደድ በልተህም ቢሆን፣ እባክህን ለዚያ ሰውዬ ስትል አንዲት ጉርሻ ጉረስ።